የፖከር ካርታ አከፋፋይ ሥራ ስሜታዊና ማኅበራዊ ፈተናዎች

የፖከር ካርታ አከፋፋይ በቁማር ቤት ወይም በፖከር ውድድር ላይ ካርታ የሚበውዝ፣ ለተጫዋቾች የሚያድል፣ የተያዘውን ገንዘብ የሚቆጥርና አሸናፊውን ለይቶ የሚከፍል ተቀጣሪ ሠራተኛ ነው። አከፋፋዩ ራሱ አይጫወትም። ማንም ቢያሸንፍ፣ ማንም ቢሸነፍ ከጉርሻ በስተቀር የሚያገኘው ነገር የለም። ሆኖም ካርታው ከእጁ ስለሚወጣ ዕድሉም ከእጁ የሚወጣ የሚመስላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሥራው ዋና ዋና ፈተናዎችም ከዚህ ይመነጫሉ።

ይህ መጣጥፍ ስለ ጨዋታው ሕግ በዝርዝር አያወራም። ሥራው በሠራተኛው ስሜትና ማኅበራዊ ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ያብራራል። በወልዲያም ሆነ በመርሳና በሌላው የሀብሩ ወረዳ የፖከር አዳራሽ የለም። ስለዚህ ምሳሌው የተወሰደው ሥራው በስፋት ከሚገኝበትና በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከላስ ቬጋስ (ኔቫዳ፣ አሜሪካ) ነው፤ ወደ መጨረሻው ላይ በአገር ቤት ስላሉ ተቀራራቢ ሥራዎች ይነሳል።

ስያሜ

በአማርኛ ለዚህ ሥራ የጸና ስም የለም። «ቁማርተኛ» የሚባለው የሚጫወተው ሰው ነው። «አቋማሪ» የሚለው ቃል ቁማር ለሚያጫውት ሰው ይውላል፤ ነገር ግን ሰሚው ወዲያው የሚያስበው በገበያና በመናኸሪያ ዳር ሦስት ካርታ ዘርግቶ «ቀይዋን ያየ!» እያለ የመንገደኛን ኪስ የሚያራግፈውን አጭበርባሪ ነው። ሁለቱ ሥራዎች ግን ተቃራኒ ናቸው። በ«ቀይዋን ያየ» ካርታውን የያዘው ሰው ራሱ ተጫዋች ነው፤ የሚበላውም እጁ ስለሚያታልል ነው። በፖከር አዳራሽ ካርታውን የያዘው ሰው የሚቀጠረው እጁ እንዳያታልል ሲሆን፣ ይህንንም በየደቂቃው በካሜራ ፊት ያረጋግጣል። «ቁማር» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛው «ቂማር» ጋር አንድ ነው፤ በወሎ አካባቢም «ሐራም» ከሚለው ቃል ተለይቶ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ መጣጥፍ «ካርታ አከፋፋይ» ወይም በአጭሩ «አከፋፋይ» የሚለው ስም ጥቅም ላይ ውሏል፤ በንግግር «ዲለር» ማለትም የተለመደ ነው።

የሥራው አካሄድ

በጣም የታወቀው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ በድብቅ ይቀበላል፤ ከዚያ አምስት ካርታዎች ለሁሉም የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ይገለጣሉ፤ በየመካከሉ ተጫዋቾቹ ገንዘብ ያስይዛሉ። ተጫዋቾቹ የሚጫወቱት እርስ በርስ እንጂ ከቤቱ ጋር አይደለም። ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ትንሽ ድርሻ ያነሳል፣ ወይም በሰዓት ያስከፍላል።

አንድ አከፋፋይ በአንድ ሰዓት ወደ 30 ያህል ዙር ያጫውታል። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዛወራል። ሲነሳም ሁለት እጁን አጨብጭቦ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ለጣሪያው ካሜራ ያሳያል፤ ምንም ቺፕ ደብቆ እንዳልያዘ ማሳያ ነው። (ለወሎ ሰው ዱዓ ያደረገ ይመስላል።) በብዙ ቤቶች ኪሱን የሚሸፍን ሽርጥ ይታጠቃል።

በኔቫዳ ቁማር ሕጋዊ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። አንድ ሰው በቁማር አዳራሽ ተቀጥሮ ለመሥራት 21 ዓመት የሞላው መሆንና በግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ መመዝገብ አለበት፤ አሻራም ይሰጣል። ሥራውን በግል የካርታ ማሠልጠኛ ቤቶች መማር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በኃላፊዎች ፊት እያጫወቱ መፈተን አለ። በየዓመቱ በበጋ የሚካሄደው የዓለም የፖከር ውድድር እ.ኤ.አ. በ1970 የተጀመረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዋናው ውድድር ብቻ 10,112 ምዝገባዎች ነበሩ፤ የመግቢያው ዋጋ በነፍስ ወከፍ 10,000 ዶላር ነው። ለዚህ ውድድር ከየቦታው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጊዜያዊ አከፋፋዮች ይቀጠራሉ።

«ገደ ቢስ» መባል

አንድ ባለ ሱቅ ጠዋት መጀመሪያ የገባውን ደንበኛ ገድ እንደሚቆጥር፣ ቀኑ ካልቀናውም «ገደ ቢስ ገብቶብኝ» እንደሚል ሁሉ፣ የፖከር ተጫዋችም ሲሸነፍ አከፋፋዩን ይቆጥራል። «አንተ በተቀመጥህ ቁጥር ይበላኛል» ይባላል። አንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ አከፋፋይ ሲመጣ ከጠረጴዛው ይነሳል፤ አንዳንዱ ካርታው በአዲስ እንዲቀየር ይጠይቃል። የተናደደ ሰው ካርታውን አከፋፋዩ ላይ ወርውሮ ይሄዳል፤ ስድብም አለ። ከውጭ አገር የመጣ ሠራተኛ ከሆነ ስድቡ ወደ መልኩና ወደ ንግግር ዘዬው ሊዞር ይችላል።

ይህ ውንጀላ ለምን ትክክል እንዳልሆነ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። ሃምሳ ሁለት ካርታዎች ሊደረደሩ የሚችሉባቸው መንገዶች ብዛት ከ8 ቀጥሎ 67 ዜሮ ከመጻፍ ጋር ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት ባሳተሙት ጥናት፣ ካርታውን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በአንዱ ውስጥ በማስገባት ሰባት ጊዜ ያህል መበወዝ ድርድሩን በአግባቡ ለማዘበራረቅ እንደሚበቃ አሳይተዋል። በብዙ አዳራሾች ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመ ማሽን ይበውዛል፤ የአከፋፋዩ እጅ የተበወዘውን ከማደል ያለፈ ሚና የለውም።

ተጫዋቹን የሚያናድደው ግን ድርድሩ ሳይሆን «የሚገባኝን ተቀማሁ» የሚል ስሜት ነው። ሁለት ኤስ ይዞ መጀመር ትልቁ ዕድል ሲሆን፣ የሚያጋጥመውም ከ221 ዙር አንድ ጊዜ ነው። ይህ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘ ተጫዋች ጋር ቢገጥም ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋል። የቀሩትን 18 ያህሉን ይሸነፋል ማለት ነው፤ እሱ ግን የሚያስታውሰው እነዚህን ብቻ ነው። አራቱ የጋራ ካርታዎች ተገልጠው ኤሱ እየመራ፣ ተቃራኒውን የሚያድነው ከቀሩት ሁለት ንጉሦች አንዱ ብቻ ነው እንበል። የሁለቱ ሰዎች ካርታ ከታወቀ ያልታዩት ካርታዎች 44 ናቸው፤ ስለዚህ ንጉሥ የመውጣቱ ዕድል ከ44 ሁለት፣ ማለትም ከ22 አንድ ነው።

አሁን ይህን ከአከፋፋዩ ወገን እንየው። ዕረፍት ተቀንሶ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ በቀን 180፣ በአምስት ቀን 900 ዙር ያጫውታል። በእያንዳንዱ ዙር ደግሞ እስከ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰው ይሳተፋል። ከ22 አንድ የሆነ ነገር በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ጊዜ ይደርሳል። ለተጫዋቹ የዓመቱ መጥፎ ዕድል የሆነው ነገር ለአከፋፋዩ የማክሰኞ ሥራው ነው፤ በየማክሰኞውም አዲስ የተናደደ ሰው ፊቱ ይቀመጣል።

ሕጉ አከፋፋዩን ጨርሶ ያለ ጠባቂ አይተወውም። ተጫዋች ሲሳደብ የአዳራሹን ኃላፊ መጥራት ይችላል፤ ኃላፊውም ተጫዋቹን ማስጠንቀቅ ወይም ማስወጣት ይችላል። ይሁንና ብዙ ገንዘብ የሚያመጣ የዘወትር ደንበኛ ላይ እጅ ለማሳረፍ ቤቱ ይሳሳል። አከፋፋዩም ይህን ስለሚያውቅ ብዙውን ጊዜ አይጠራም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ቀጣዩን ካርታ ያድላል።

ፊትን መጠበቅ

አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ምሁር አርሊ ሆክሺልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ «የስሜት ሥራ» የሚለውን ሐሳብ አስተዋውቃለች። በሐሳቡ መሠረት አንዳንድ ሠራተኞች የሚሸጡት የእጅ ወይም የአእምሮ ሥራ ብቻ ሳይሆን በፊታቸው ላይ የሚያሳዩት ስሜት ጭምር ነው። ሆክሺልድ ያጠናችው የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና ዕዳ ሰብሳቢዎችን ነበር። አስተናጋጇ ደክሟትም ፈገግ ማለት አለባት፤ ዕዳ ሰብሳቢው ቢያዝንም ኮስተር ማለት አለበት።

የካርታ አከፋፋይ ከሁለቱም ይለያል። ከአሸናፊው ጋር መደሰት ተሸናፊውን ያስቀይማል፤ ከተሸናፊው ጋር ማዘን ደግሞ ወገንተኛ ያስመስላል። ጨዋታው ሳያልቅ በፊቱ ላይ የሚታይ ትንሽ ለውጥ እንኳ ለአንዱ ተጫዋች ፍንጭ ሊሆን ስለሚችል ስለ ካርታው አስተያየት መስጠት አይፈቀድለትም። ጨዋታው ሲያልቅ ግን ጉርሻ ስለሚጠብቅ ደረቅ መሆንም አይችልም።

ለኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ይህ ባሕርይን የሚቃወም ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲጎዳ ዝም ብሎ ማየት ነውር ነው፤ የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ አንዱ ቢደናቀፍ «እኔን!» ይባባላሉ። አከፋፋዩ ፊቱ የተቀመጠ ሰው ለወር ኪራይ የያዘው የሚመስል ገንዘብ ሲያልቅበት እያየ «አይዞህ» ማለት አይችልም። ቺፑን ሰብስቦ ለሌላው ይገፋል። ተሸናፊው በዕድሜ አባቱን የሚያህል ሲሆን ደግሞ ይሉኝታው ይጨምራል። ከሥራው መለያየት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ስድቡ ቤት ሲገባ ይረሳ ይሆናል፤ የዘወትር ደንበኛ ሆኖ በየሳምንቱ እየመጣ እየከሳ የሚሄድ ሰው ፊት ግን አይረሳም።

ጉርሻ

በኔቫዳ ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ 12 ዶላር ነው። አከፋፋዮች በአብዛኛው የሚከፈላቸው ከዚህ ብዙም የማይርቅ ሲሆን የሚኖሩት በጉርሻ ነው። በፖከር ጠረጴዛ አሸናፊው አንድ ዶላር ያህል ወደ አከፋፋዩ መግፋቱ የተለመደ ነው። በብላክጃክና በመሰል ጨዋታዎች ጉርሻው ተሰብስቦ ለሁሉም ይካፈላል፤ የፖከር አከፋፋይ ግን በብዙ ቤቶች የራሱን ይይዛል።

ይህ ጥሩ ቢመስልም የሥራውን ጠባይ ይለውጣል። ፈጣን እጅ ያለው ብዙ ዙር ስለሚያጫውት ብዙ ያገኛል። ስህተት ሠርቶ አንድ ዙር ላይ ክርክር የተነሳበት አከፋፋይ ከደረሰበት ወቀሳ በተጨማሪ የአምስት ደቂቃ ጉርሻ ያጣል። ጥሩ ጠረጴዛ የደረሰው ባልደረባ ይቀናበታል። ከሁሉም በላይ፣ ተሸናፊው የሚሰድበው ባልሠራው ጥፋት እንደሆነ ሁሉ፣ አሸናፊውም የሚሸልመው ባልሠራው ውለታ ነው። ሁለቱም ዕድልን ከእጁ ጋር ያያይዛሉ፤ ደመወዙ ሁለተኛው ስህተት ላይ የቆመ ስለሆነ አከፋፋዩ የመጀመሪያውን ማረም አይመቸውም።

የጉርሻ ጉዳይ ከባድ ጠብ ያስነሳ እንደሆነ የዊን ላስ ቬጋስ ታሪክ ያሳያል። ሆቴሉ እ.ኤ.አ. በ2006 የጠረጴዛ ጨዋታ አከፋፋዮች ጉርሻ ለቅርብ አለቆቻቸውም እንዲካፈል ወሰነ። አከፋፋዮቹ እ.ኤ.አ. በ2007 በትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር ለመወከል ድምፅ ሰጡ፤ ጉዳዩም ለዓመታት በፍርድ ቤት ቆየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሲዛርስ ፓላስ አከፋፋዮችም ይህንኑ ማኅበር መረጡ። አከፋፋዮች በትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር መደራጀታቸው እንግዳ ይመስላል፤ ምክንያቱ የላስ ቬጋስ ትልቁ የሆቴልና የምግብ ሠራተኞች ማኅበር አከፋፋዮችን አለማካተቱ ነው።

ጉርሻ የሚዋዥቅ ገቢ ነው፤ ወደ አገር ቤት የሚጠበቀው ገንዘብ ግን አይዋዥቅም። ወልዲያ ያለ ወንድም የትምህርት ክፍያ ቀኑን ጠብቆ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኔቫዳ ቁማር ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ ለ78 ቀናት ጉርሻ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የግዛቱ የሥራ አጥነት መጠንም በሚያዝያ ወር ወደ 30 በመቶ ደረሰ።

ጭስና ሌሊት

የኔቫዳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2006 በድምፅ ያጸደቀው የቤት ውስጥ ንጹሕ አየር ሕግ በብዙ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን ሲከለክል የቁማር አዳራሾችን ግን አልነካም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም በሦስት የላስ ቬጋስ ቁማር ቤቶች (ባሊስ፣ ፓሪስና ሲዛርስ ፓላስ) ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ምርመራ፣ በማያጨሱ አከፋፋዮች ሽንት ውስጥ ከትምባሆ የሚመጣ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር ምልክት በሥራ ሰዓት ውስጥ ከፍ ማለቱ ተገኝቷል። ብዙ የፖከር ክፍሎች ዛሬ ማጨስ ይከለክላሉ፤ ሠራተኛው ወደ ክፍሉ የሚደርሰው ግን በአዳራሹ መካከል አልፎ ነው።

ቁማር ቤት 24 ሰዓት አይዘጋም። አዲስ ተቀጣሪ የሚመደበው ነባሮቹ የማይፈልጉት ሰዓት ላይ ነው፤ ይህም በአብዛኛው ሌሊት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም በዓል ነው። ይህ ነጥብ ቀጥሎ ከሚመጣው ጋር ይያያዛል።

ኢትዮጵያውያን በላስ ቬጋስ

በላስ ቬጋስ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በታክሲ ሹፌርነት፣ በሆቴልና በቁማር ቤት ሥራዎች ይታወቃሉ። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች የሚገኙበትን አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሟል፤ ሎስ አንጀለስ ተመሳሳይ ስያሜ የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነበር። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ አሜሪካ የገቡት በዲቪ ነው። ዲቪ ራሱ ዕጣ መሆኑ ልብ ይሏል፤ ይህን ዕጣ ማንም ቁማር ብሎ አይጠራውም፤ ፎርሙን የሞላለትን የኢንተርኔት ቤት ልጅም «ገዱ ጥሩ ነው» ብሎ የሚመርቅ አይጠፋም።

ለአከፋፋዩ የመጀመሪያው ማኅበራዊ ችግር ሥራውን ለቤተሰብ ማስረዳት ነው። ከሀብሩና ከአካባቢው ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች ዐረብ አገሮች የሄደ ወጣት ብዙ ነው። መርሳ ያለች እናት ልጇ የሰው ቤት ትሠራለች፣ ልጇ በግ ይጠብቃል ወይም ይነዳል ሲባል ሥራውን በዓይነ ኅሊናዋ ማየት ትችላለች። «ካርታ አድላለሁ» ሲባል ግን የሚመጣባት ሥዕል «ቀይዋን ያየ» ነው። ስለዚህ «ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው» የሚለው መልስ ይቀላል። ትልልቆቹ ቁማር ቤቶች ሆቴልም ስለሆኑ መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ስለ ሥራ ውሎ ለመጫወት በር ይዘጋል። ተሰድቦ የዋለ ሰው «ምን ሆነህ ነው ድምፅህ የጠፋው?» ሲባል «ደክሞኝ ነው» ብቻ ይላል።

ሃይማኖትም አለ። ቁርኣን በአል-ማኢዳ ምዕራፍ 90ኛ አንቀጽ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ይከለክላል፤ ብዙ ዑለማዎችም ክልከላው ለሚጫወተው ብቻ ሳይሆን በሥራው ለሚያግዘውም እንደሚደርስ ያስተምራሉ። የሀብሩ ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ይህ ለአካባቢው ተወላጅ ተራ ጥያቄ አይደለም፤ የተላከው ገንዘብ ለወላጅ ሐጅ ወይም ለመስጊድ ግንባታ መዋል ይችላል ወይ የሚል ጭንቀት ያመጣል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም ዘንድ ቁማር የተወገዘ ነው፤ «እኔ አልጫወትም፣ ደመወዝተኛ ነኝ» የሚለው መልስ የንስሐ አባትን ሊያሳምንም ላያሳምንም ይችላል። በሁለቱም ወገን ጉዳዩን የሚያከብደው ሠራተኛው ራሱ በልቡ ከጠያቂው ጋር መስማማቱ ነው።

ከዚያ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ ይመጣል። ቅዳሜ ማታ በፖከር አዳራሽ ትልቁ የሥራ ሰዓት ሲሆን፣ በዚያው ሌሊት የሚሠራ ሰው እሑድ ቅዳሴ አይደርስም፤ ቢደርስም እንቅልፍ ይዞት ነው። በረመዳን ማፍጠሪያው ሰዓት ጠረጴዛ ላይ እያለ ሊደርስበት ይችላል፤ ዕረፍት እስኪደርስ ካርታ ያድላል። ገና እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን ይውላል። ላስ ቬጋስ ውስጥ በዚያው ሰሞን የሚካሄደው ትልቁ የኤሌክትሮኒክስ ዐውደ ርእይ ብዙ ሺህ እንግዳ ስለሚያመጣ ፈቃድ መጠየቅ ያስቸግራል። እንቁጣጣሽ ተራ የሥራ ቀን ነው።

በዓል ቢቀር ይታለፋል፤ ለቅሶ አለመድረስ ግን አይታለፍም። የውጭ አገር ዕድር ከአገር ቤቱ ባልተናነሰ ሰው የሚመዘንበት ቦታ ነው። ሌሊት የሚሠራና ቀን የሚተኛ ሰው ሦስት ለቅሶ ሳይደርስ ከቀረ «ኮራ» ወይም «ዶላር አየ» ይባላል። በቀን ብዙ ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቺፕ በእጁ ሲያልፍ የሚታይ ሰው ለማኅበር መዋጮ ሲያንገራግርም ማንም አያምነውም። በእጁ የሚያልፈው ገንዘብ የእሱ እንዳልሆነ፣ ባንክ ቤት ያለ ገንዘብ ከፋይ ይህ ሐሜት እንደማይደርሰው ማንሳት ይቻላል፤ የባንክ ሠራተኛ ግን ቀን ይሠራል፣ ለቅሶም ይደርሳል።

የአከፋፋዩ የራሱ ቁማር

ሌላው አደጋ ሠራተኛው ራሱ ወደ ጨዋታው መግባቱ ነው። ሃዋርድ ሻፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት የቁማር ቤት ሠራተኞች ጥናት፣ በዓመቱ ውስጥ በበሽታ ደረጃ የሚቆጠር ቁማር ያለባቸው ሠራተኞች መጠን ከጠቅላላው አዋቂ ሕዝብ የበለጠ መሆኑን አግኝቷል፤ ማጨስ፣ የአልኮል ችግርና ድብርትም እንዲሁ ከፍ ያሉ ነበሩ። ይህ ሥራው በሽታውን አመጣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ቁማር የሚወድ ሰው ሥራውን መርጦትም ሊሆን ይችላል። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥሬ ጉርሻ በኪሱ ይዞ ከሥራ የሚወጣ ሰው ክፍት የሚያገኘው ቦታ ሌላ ቁማር ቤት ብቻ መሆኑ ነገሩን አያቀልም። ማካዎ ይህን በሕግ ለመከላከል ሞክራለች፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2019 መጨረሻ ጀምሮ የቁማር ቤት ሠራተኞች ከሥራ ሰዓት ውጭ ወደ ቁማር አዳራሽ እንዳይገቡ ተከልክለዋል።

በአገር ቤት ተቀራራቢ ሥራዎች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። ሎተሪ አዟሪ የሚሸጠው ዕጣ በሌላ ቦታ የሚወጣ ስለሆነ የሚደርስበት ወቀሳ ቀላል ነው፤ ቢበዛ «ያንተ ትኬት ወጥቶልኝ አያውቅም» ይባላል። ከፖከር አከፋፋይ ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በየከተማው በተስፋፉት የስፖርት ውርርድ ቤቶች ገንዘብ ተቀብሎ ትኬት የሚቆርጠው ወጣት ነው። እሱም አይጫወትም፣ ኳሱንም አይመታም፤ የማንቸስተር ተከላካይ በ90ኛው ደቂቃ ሲሳሳት ግን የሚጮኽበት እሱ ነው።

አንድ ልዩነት አለ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። በላስ ቬጋስ ተሸናፊው በአብዛኛው መንገደኛ ነው፤ በማግስቱ አውሮፕላን ይሳፈራል። በመርሳ ዓይነት ትንሽ ከተማ የሚሸነፈው የጎረቤት ልጅ ነው። ትኬት ቆራጩ ማታ ገንዘቡን ተቀብሎ ጠዋት እናቱን መንገድ ላይ ሰላም ይላል። እናቲቱ «ልጄን አንተ ነህ ያስለመድኸው» ብትለው «ደመወዝተኛ ነኝ» የሚለው መልስ አሁንም ልክ ነው፤ ግን ነገ ለቅሶ ቤት አብረው ይቀመጣሉ። ላስ ቬጋስ ያለው ሰው ሥራውን መደበቅ ይችላል፤ እሱ አይችልም።

አከፋፋይ የሌለበት ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በ2008 በላስ ቬጋስ የሚገኘው ኤክስካሊበር ሆቴል የፖከር ክፍሉን አከፋፋይ በማያስፈልጋቸው የኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛዎች ተካ። ጉርሻ የለም፣ የማደል ስህተት የለም፣ ዙሩም ይፈጥናል። ሆቴሉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሰው አከፋፋይ ተመለሰ። በኢንተርኔት የሚሰራጨው «የቀጥታ አከፋፋይ» አገልግሎትም የሰውን ፊት ፍለጋ ያሳያል። በዚህ ዘርፍ ትልቁ ድርጅት ኢቮሉሽን እንደ ሪጋና ትብሊሲ ባሉ ከተሞች ባሉት ስቱዲዮዎቹ ወጣቶችን በካሜራ ፊት አስቀምጦ ካርታ ያሳድላል። በትብሊሲ ያሉት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል።

ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር በሚካሄደው የኢንተርኔት ፖከር ደግሞ ካርታውን የሚበውዘው በዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ገለልተኛ በሆኑ መርማሪዎች ሊፈተሽ ይችላል፤ ኤስ የያዘ ሰው በንጉሥ የሚሸነፍበት መጠንም ያው ከ100 ወደ 18 ነው። ተጫዋቾቹ ግን ፕሮግራሙ ተጭበርብሯል ብለው ያማርራሉ፤ ካርታ የሚወረውሩበት ሰው ባለመኖሩም አንዳንዱ የሚሰብረው ማውሱን ነው።